አምጥቶ ፈቀቅ ማለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በመካከላችን «እገሌን እኮ ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ቃል አልፎ አልፎ ይሰማል። ክፋት ያለበት ንግግር አይመስልም። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው፣ ያመጣው ጓደኛ ከሌላ ጋር ሲቀራረብ ወይም በሰፈሩ ወዳለው ደብር ሲሄድ ቅር ይለዋል። አንዳንዱማ ጓደኛውን ወደ ንስሐ አባት ካደረሰ በኋላ ደጅ ጠብቆ «ምን አሉህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ፈጽሞ የእርሱ ጉዳይ አይደለም። እንግዲህ ሰውን ወደ እምነት የመሩ ሰዎች በቅዱስ መጽሐፍ እንዴት እንዳደረጉ ጥቂት እንመልከት።

መጥምቁ ዮሐንስ ከሁለት ደቀ መዛሙርቱ ጋር ቆሞ ሳለ ጌታን አይቶ አመለከታቸው፤ እነርሱም መምህራቸውን ትተው ጌታን ተከተሉ (ዮሐ. 1፥35-40)። ከሁለቱ አንዱ እንድርያስ ነበረ። ልብ በሉ፤ ዮሐንስ ያስተማራቸውን ልጆች ያጣው በገዛ ምስክርነቱ ነው። በኋላም የቀሩት ደቀ መዛሙርት ሰው ሁሉ ወደ ኢየሱስ እየሄደ መሆኑን ሲነግሩት ራሱን በሚዜ መስሎ መለሰላቸው (ዮሐ. 3፥26-30)። የሚዜን ነገር እኛ ከአገራችን ሠርግ እናውቀዋለን። ያጅባል፣ ይላላካል፣ ሲደክም ይውላል፤ ሙሽራይቱ ግን የሙሽራው ናት።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ሊነካን የሚገባው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው፤ ባለ ታሪኩ ኢትዮጵያዊ ነውና። በንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ (ይህ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ነው፤ ብዙዎቻችን ከሐዋርያው ፊልጶስ ጋር እናምታታዋለን) ሮጦ ደረሰበት። ትሕትና ማለት ዝም ማለት እንዳይመስለን፤ ፊልጶስ ሮጧል። ነገር ግን እንደ ደረሰ ስብከት አልጀመረም። የሚነበበውን አዳመጠ፤ ከዚያም ሰውዬው ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ወደ ሠረገላው የወጣው ተለምኖ ነው። ያስተማረውም ጃንደረባው ከያዘው ምንባብና ካነሣው ጥያቄ ተነሥቶ ነው። ያ ሰው ባዶ ዕቃ አልነበረም፤ ሊሰግድ ረጅም መንገድ የተጓዘ፣ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ነበር። እግዚአብሔር ከፊልጶስ በፊት ሥራውን ጀምሯል።

በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል አብሮን የሚያድር ልጅ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ስለ ሞተች እናቱ ይጠይቀን ይሆናል። እኛ በዚያ ሰዓት ሰባቱን አጽዋማት መቁጠር ከጀመርን የእርሱን ጥያቄ ጥለን የራሳችንን ስብከት አነሣን ማለት ነው። መልሱን ካላወቅን «እኔም አላውቅም፤ ነገ መምህራችንን አብረን እንጠይቃቸው» ማለት ምን ያሳፍራል? በክርክር መርታት ብዙ ጊዜ ጓደኛን ያሸሻል። ሐዋርያው ፊልጶስም ናትናኤል ናዝሬትን ዝቅ አድርጎ ሲናገር አልተከራከረውም፤ መጥቶ እንዲያይ ብቻ ነገረው (ዮሐ. 1፥45-46)።

ወደ ጃንደረባው እንመለስ። ከውኃው በወጡ ጊዜ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው። ጃንደረባውም ከዚያ ወዲያ አላየውም፤ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። ትናንት ያላመነ ሰው ዛሬ ተጠምቆ ያለ መምህሩ ብቻውን ወደ አገሩ ይሄዳል። እኛ ብንሆን ኖሮ ቢያንስ እስከ ጋዛ እንሸኘው ነበር። ፊልጶስ ግን በአዛጦን ተገኘ፤ በየከተማው እየሰበከም ወደ ቂሣርያ መጣ። ከዓመታት በኋላ በዚያው በቂሣርያ ቅዱስ ጳውሎስን በቤቱ ሲቀበል፣ ትንቢት የሚናገሩ አራት ደናግል ልጆችም እንደ ነበሩት እናነባለን (ሐዋ. 21፥8-9)። ስለዚያ ኢትዮጵያዊ ወሬ ሰምቶ እንደ ሆነ ግን መጽሐፉ አይነግረንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።