ሱቅ የሚያስጠግን ባለንብረት ውሉን ያጥብቅ

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ሱቅ የሚያስጠግን ባለንብረት «ሥራውን በቁርጥ ዋጋ ሰጥቻለሁ» ማለቱ ሁልጊዜ አያድነውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2134 ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ለፈጸመው ጥፋት አሠሪው እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ግንበኛውን በቀን ሒሳብ ቀጥሮ፣ ራሱ እያዘዘ የሚያሠራ ግን በቁጥር 2130 ኃላፊ ነው።

ግድግዳው ፈርሶ የጎረቤትን ዕቃ ወይም መንገደኛን ቢጎዳ ደግሞ ቁጥር 2077 ባለቤቱን ያለ ጥፋቱም ያስከፍላል፤ የሚቀረው ጥፋተኛውን መልሶ መጠየቅ ነው። ለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር በሁለት ምስክሮች ፊት ውል መፈረም፣ የጉዳት ኃላፊነትን በውሉ ማስፈር፣ የተቋራጩን ንግድ ፈቃድ ቅጂ መያዝና ከክፍያው የተወሰነውን እስከ ርክክብ ማቆየት ይበጃል።