የዱቲ ፕሮግራሙ ኩሽና በር ላይ ይለጠፍ

ከእኔ በኋላ የመጡ ሴት ሬዚደንቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዶክተር፣ እንዴት ቻልሽው?» ጥያቄው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሌሊት ዱቲ በኋላ፣ ሻይ ይዘን ቁጭ ባልንበት ነው። ጠያቂዋ ወይ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወይ ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ የመጣች ናት፣ ወይም «ስፔሻሊቲዬን ልጨርስና እወልዳለሁ» እያለች ስታሰላ የከረመች ናት። «ጠንካራ ስለሆንሽ ነው» የሚሉኝን ግን አልቀበላቸውም። ከእኔ የበለጠ ጠንካራ ሆነው ሙያውን ጥለው የሄዱ ጓደኞች አሉኝ። እኔን ያቆየኝ ቀድሞ የተጻፈ ወረቀትና፣ ሥራን ከነሐሳቡ የተረከበኝ ሰው ነው። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ የተማርኩትን እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገርሽ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ቀድመሽ ቁጠሪ

ለመውለድ ምቹ የሚባል ዓመት በእኛ ሙያ የለም። ስፔሻሊቲ እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ ሰብ ስፔሻሊቲ ካሰብሽ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ እንቁላል በቁጥርም በጥራትም እየቀነሰ እንደሚሄድ ለታካሚ በየቀኑ የምናስረዳ ሰዎች ለራሳችን ሲሆን እንረሳዋለን። ስለዚህ ሁሉም ነገር እስኪያልቅ አትጠብቂ። ምቹ ዓመት ባይኖርም የተሻለ ወር አለ። ከአንቺ አንድ ዓመት የሚቀድሙትን ይዘሽ ተቀመጪና የትኛው ሮቴሽን በወር ስንት ዱቲ እንዳለው፣ የትኛው ወር ቀለል እንደሚል፣ ፈተናው መቼ እንደሚውል በወረቀት አስፍሪ። የመውለጃሽ ወር ከፈተናውና ዱቲ ከሚበዛበት ሮቴሽን ቢርቅ ይበቃል። ተፈጥሮ በዕቅድሽ ላትሄድ ትችላለች፤ ቢሆንም ወረቀቱ ካለ ማስተካከል ይቀላል።

ዱቲ ማበደር ካለብሽም ከመጸነስሽ በፊት አበድሪ። የበዓል ዱቲ፣ የጓደኛሽ ሰርግ የሚውልበትን ቅዳሜ ያዢላቸው። ስትወልጂ የሚመልሱልሽ እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ መብትሽን በጽሑፍ ጠይቂ

በግል ሆስፒታል የምትሠሪ ከሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከመውለድሽ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ በጠቅላላው 120 ቀን ከነደመወዝሽ ይሰጥሻል። ባልሽም በግል ድርጅት የሚሠራ ከሆነ 3 ተከታታይ ቀን አለው። ብዙ ሐኪም የማያውቀው ግን ሌላ አለ፤ ይኸው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን፣ በትርፍ ሰዓት ሥራ መመደብንም ይከለክላል። የመንግሥት ሠራተኛ ወይም በዩኒቨርሲቲ ሥር የምትማሪ ሬዚደንት ከሆንሽ የምትተዳደሪበትን ደንብ ከሰው ኃይል ክፍል ቅጂውን ተቀብለሽ ራስሽ አንብቢ፤ በኮሪደር ወሬ አትመሪ።

ይህን የምለው ራሴ ስላልጠየቅኩ ነው። በመጀመሪያ ልጄ በ34ኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሲ-ሴክሽን አጋዥ ሆኜ ቆሜ ነበር። ሆዴ ድንጋይ ሆኖ ይጠነክራል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይጠነክራል። በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት እቆጥር ነበር፤ ከፊቴ ለተኛችው እናት ቢሆን ኖሮ ወዲያው አልጋ አስይዛት ነበር። ያየችኝ ስክረብ ነርሷ ናት። ምንም ሳትናገር ሌላ ሰው አስጠርታ፣ ጓንቴን አስወልቃ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ልጄ በጊዜው ተወለደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የምሠራበት ቦታ የሌሊት ዱቲ ያለማቋረጥ ሲመድበኝ አንድም ቀን አቤት አላልኩም፤ ማለት ይቻላል ብዬም አላሰብኩም ነበር። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ለክፍል ኃላፊሽ በቃል ንገሪ፣ በዚያው ሳምንት ደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂውን በመዝገብ ቤት ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። በሕግ ያገኘሽውን ዕረፍት ደግሞ በዱቲ ክፈዪ የሚልሽ ሰው ቢመጣ ዕዳ የለብሽም።

ደረጃ 3፦ ወደ ሥራ ከመመለስሽ ሁለት ሳምንት በፊት ማለብ ጀምሪ

እናቶችን «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» እያልን አስተምረን፣ እኛ ግን በሦስት ወር ዋርድ ውስጥ እንገኛለን። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የታለበ ወተት ነው። ጊዜ የሚፈልግ ስለሆነ በመጨረሻው ቀን አይጀመርም።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ልጁ ከጠባ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ እለቢ። ፓምፕ ከሌለሽ በእጅ ይቻላል፦ እጅሽን ታጠቢ፣ አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች አድርገሽ ከጡት ጫፉ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቂ፣ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አገናኚ፣ ልቀቂ። ማሻሸት አያስፈልግም፤ ቆዳውን ያቆስላል። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ፤ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀንና ሰዓት ጻፊ፤ ለደም ናሙና እንደምታደርጊው።

ወተቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ የክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር 6 ወር ያህል ይቆያል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለምትሠሪ ግን የክፍል ሙቀት የሚለውን እርሺው፤ ወዲያው በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይግባ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ እንዳይከፈት ቤት ላሉት ንገሪ፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከፍሪዘር የወጣና የቀለጠ ወተት ፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም፣ ተመልሶም አይቀዘቅዝም።

በሁለተኛው ሳምንት የታለበውን ሌላ ሰው ይስጠው፤ አንቺ ከክፍሉ ውጪ። እናት እያለች ብዙ ልጅ ከሌላ ሰው አይቀበልም። ጡጦ የግድ አይደለም። በቡና ሲኒ ይጠጣል፤ ሲኒውን ከንፈሩ ላይ አስጠግቶ ራሱ በምላሱ እንዲወስድ መተው እንጂ አፉ ውስጥ ማፍሰስ የለም። እናቴ መጀመሪያ አላመነችም ነበር። ልጄ እያጣጣመ ሲኒውን ሲጨርስ ካየች በኋላ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታሳይ ሰነበተች። ወተቱን እሳት ላይ አታስጥጂ፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዕቃውን ማቆም ይበቃል።

ሥራ ላይ በየ3 ሰዓቱ ለማለብ ሞክሪ። ቦታ የለም ሲሉሽ ከሜትረኗ ጋር ተነጋገሪ፤ የሚቆለፍ በርና ወንበር ነው የምትፈልጊው። ሽንት ቤት ግን አይሆንም። ከራውንድ በፊት፣ ምሳ ላይ፣ ከኦፒዲ በኋላ ብለሽ ለኢንተርኖችሽ በግልጽ ንገሪ። እኔ «ወተት ላልብ ነው፣ 20 ደቂቃ» ማለት ከለመድኩ በኋላ ማንም አልሳቀም፤ ከእኔ በኋላ የወለዱትም በዚያው ክፍል ተጠቅመዋል።

ደረጃ 4፦ የዱቲ ፕሮግራሙን ቤት አስገቢ

የቀጣዩ ወር ፕሮግራም በወጣ ዕለት በእጅሽ ገልብጪው፤ ፎቶው ስልክሽ ውስጥ ተቀብሮ አይቅር። የእኔ ኩሽና በር ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ዱቲ ቀይ፣ የዱቲ ማግስት ሰማያዊ፣ የራሴ ሰዓት አረንጓዴ። ትንሿ ልጄ ማንበብ ሳትችል ቀለሙን ታነብ ነበር፤ ቀይ ሲሆን ሌሊት እንደማልኖር አውቃ ፒጃማዋን አምጥታ በቀን ታቅፈኝ ነበር።

ሰማያዊውን ቀን እንደ ቀዩ አክብሪው። ከዱቲ ማግስት መኪና አልነዳም፣ ባንክ አልሄድም፣ ስለ ገንዘብ አልነጋገርም፣ ከባሌ ጋርም ጠብ ያለበት ጉዳይ አላነሳም። መጀመሪያ እተኛለሁ። ብዙ ትዳር የሚቆስለው ሴትየዋ 30 ሰዓት ቆማ ገብታ «ዳቦ ለምን አልተገዛም» በሚል ነገር ነው፤ ዳቦው ግን ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም። እሑድ ከቡና በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ፕሮግራሙ ፊት ቆመን የሳምንቱን እንከፋፈላለን፤ ያ ከዱቲ ማግስት ያለውን ብዙ ጠብ አስቀርቶልናል።

ደረጃ 5፦ አታግዙኝ፤ ተረከቡኝ

«አግዘኝ» የሚለው ቃል ሥራውን ያንቺ አድርጎ ያስቀረዋል። ባልሽ «ምን ላድርግ?» ብሎ ከጠየቀሽ ገና ሐሳቡ ያንቺው ነው። ስለዚህ አንድን ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረክቢ፦ ማስታወሱንም፣ መሄዱንም፣ ገንዘቡንም።

በእኛ ቤት ይህ የተጀመረው በክትባት ካርድ ነው። የመጀመሪያ ልጄን የ14 ሳምንት ክትባት ረሳሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ካርድ እያየሁ የልጄን ቀን አሳለፍኩት፤ ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ፣ ሌሊት ጡት እያጠባሁ ነው፣ እስኪነጋ አለቀስኩ። ክትባቱ ዘግይቶም ይሰጣልና ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን በዚያው ጠዋት ካርዱን ለባሌ አስረከብኩት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 እና በ15 ወር ብዬ ነግሬው ወጣሁ። ሁለተኛ ልጃችን ላይ ቀኑ ደርሷል ብዬ አላስታወስኩትም፤ አንድም አልዘለለም። ሌላ ቀን ልጁን በሚያስለብስበት መንገድ ላይ አስተያየት ልሰጥ ስል ግን ራሴን ያዝኩ። ያስረከብሽውን ሥራ መልሰሽ አትንኪ።

ልጅሽን የምትይዝልሽ ሴት ሞግዚት ትሁን የአክስትሽ ልጅ፣ የቤትሽ ዋና ባልደረባ ናት። ደመወዟ ቀኑን ይጠብቅ፣ የዕረፍት ቀኗ በዱቲሽ አይሰረዝ። አራት ነገር አስተምሪያት፦ ልጁ ጡት ወይም ውሃ መውሰድ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና አልነቃ ካለ አንቺን ሳትጠብቅ ጤና ተቋም ትውሰደው። አንቺ ኦፕሬሽን ክፍል ገብተሽ ስልክሽ ሎከር ውስጥ ሊሆን ይችላልና የሁለት ሰው ቁጥርና የታክሲ ብር ከፕሮግራሙ ጎን ይኑር።

ደረጃ 6፦ ለዘመድ ሰዓት ስጪ

በቤተሰብ ውስጥ ሐኪም ከሆንሽ የሁሉም ሐኪም ነሽ። የአጎት ግፊት፣ የጎረቤት ሆድ ቁርጠት፣ የማታውቂው ሰው የላከው የላብራቶሪ ወረቀት። እኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ስልክ አነሳለሁ፤ አስቸኳይ ሲሆን ግን ድንገተኛ ክፍል እንዲሄዱ ለሁሉም አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ለቅሶ ቀብሩ ላይ ካልደረስኩ በሣልስቱ እሄዳለሁ፤ ዕድር ላይ ባሌ ይገኛል። የተከፋ ዘመድ ነበር፤ ሲለምዱት ተረዱኝ።

ደረጃ 7፦ የራስሽን ነገር በአረንጓዴ ጻፊ

ከሁሉ ቀድሞ የሚሠዋው ይሄኛው ነው። ሰብ ስፔሻሊቲው፣ ጥናቱ፣ መጽሐፉ፣ ክራሩም ቢሆን። «ጊዜ ሳገኝ» ያልሽው ነገር ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ ዱቲው እንደተገለበጠ፣ ሌላው ሁሉ ከመግባቱ በፊት አረንጓዴውን አስቀምጪ። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። በዓመት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ያዢ።

መዘግየቱ አያስፈራሽ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ከባሏ ከዶክተር ሬጂናልድና ከትንሽ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ስትገባ የመጣችው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። የፌስቱላ ሆስፒታሉ የተመሠረተው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ 15 ዓመት ቆይቶ፣ ልጁም አድጎ። በመካከል ያሉት ዓመታት ባዶ አልነበሩም፤ በየቀኑ የሚመጡትን ሴቶች እያከመች እጇ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምናን የተማረው ያኔ ነው። ከጎኗ ደግሞ ሥራውን እኩል የያዘ ባል ነበር።

ስለዚህ ምኞትሽን ከዕለት ሥራሽ ውስጥ ፈልጊው፤ ለብቻው ሌላ ሕይወት አይጠይቅሽ። እኔ የምፈልገው ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ መያዝን ነው። ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የሚፈሰውን ደም በመለኪያ ፕላስቲክ እየያዙ ሕክምናውን በአንድ ላይ ቶሎ መስጠት ከባድ መድማትንና ተያያዥ ጉዳቶችን በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያንን ካነበብኩ ጀምሮ ጋዎኔ ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። ከእያንዳንዱ የላቦር ዋርድ ዱቲ በኋላ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ የገመትነውንና የለካነውን በሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። አረንጓዴዎቹ ማክሰኞና ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ናቸው። ልጆቹ ሳይነቁ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ከተለጠፈበት በር ሥር ተቀምጬ የደብተሯን ቁጥሮች ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ባለፈው ሐሙስ ሁለተኛዋን ደብተር ጀመርኩ።