ድብ ባለበት ዱር የሚሄድ ሰው

ድብ በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም፤ ስሙን ግን የበግ ጠባቂውን የዳዊትን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። በሰሜን አሜሪካ የሎውስቶን የሚባል ሰፊ ዱር አለ፤ መንግሥት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1872 ዓመት ከልሎ አስጠበቀው። በዚያም ሁለት ዓይነት ድብ ይኖራል። አንዱ ጥቍር ድብ ነው፤ ሁለተኛውም ግሪዝሊ የሚባለው፥ በትከሻው ላይ ሻኛ ያለው ታላቁ ድብ ነው።

ድብ ሥራ ሥርና ፍሬ፥ ሣርና ዓሣ፥ ሥጋም ይበላል እንጂ ሰውን ለመብላት የሚፈልገው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ሰውን የሚጎዳው ድንገት ሲደርስበት፥ ወይም ያገኘውን ሥጋ የሚቀሙት ሲመስለው ነው። ልጆች ያሏት እናት ድብ ግን ከሁሉ ይልቅ ታስፈራለች።

ስለዚህ አስተዋይ መንገደኛ ብቻውን አይሄድም፤ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ባልንጀሮች ጋር ይሄዳል እንጂ። ቍጥቋጦ በበዛበት፥ የወንዝም ድምፅ በሚጮኽበት ስፍራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ድቡም ሰምቶ ፈቀቅ ይላል። የሞተ እንስሳ ቢያገኝ ፈጥኖ ከዚያ ይርቃል። ድብንም በሩቅ ቢያይ ከ91 ሜትር ይልቅ አይቀርበውም። ደግሞ ዓይንንና አፍንጫን የሚያቃጥል፥ ከበርበሬ ኃይል የተሠራ የሚረጭ ነገር በወገቡ ይታጠቃል።

ድብ በቅርብ ቢገጥመው ግን አይሮጥም። ድብ በአንድ ሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ ይችላልና ማንም አያመልጠውም፤ የሚሸሸውንም ማሳደድ ልማዱ ነው። ይልቁንም ፊቱን ከድቡ ሳይመልስ ቀስ እያለ ወደ ኋላው ያፈገፍጋል። ተቈጥቶ ቢመጣበት የበርበሬውን ርጭት ይለቅበታል። ግሪዝሊ ደርሶ ቢጥለው በሆዱ ተኝቶ፥ ማጅራቱን በእጆቹ ሸፍኖ፥ እንደ ሞተ ሰው ዝም ይላል። የያዘው ጥቍር ድብ ቢሆን ግን በድንጋይና በበትር ይታገለዋል እንጂ አይተኛለትም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምግብን መሰወር ነው። ቀድሞ በየሎውስቶን ጐብኚዎች በመንገድ ዳር ለድቦች እንጀራ ይጥሉላቸው ነበር፤ ድቦቹም ጥራጊ ከሚጣልበት ጕድጓድ ይበሉ ነበር። ፍቅር መስሏቸው ያደረጉት ነገር ጥፋት ሆነ። ከ1931 እስከ 1969 ድረስ በየዓመቱ 48 ያህል ሰዎች በድብ ይቈስሉ ነበር። የሰው ምግብ የለመደ ድብም ሰውን መፍራት ስለሚተው ብዙዎቹ ተገደሉ። በ1970 ግን የጥራጊው ጕድጓድ ተዘጋ፤ መመገብም በጥብቅ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ የሚቈስለው ሰው እጅግ አነሰ። ዛሬ መንገደኛው ስንቁን በጽኑ ሣጥን ይዘጋል፥ ወይም ከረዥም ዛፍ ላይ ያንጠለጥላል።

ፍርፋሪ የጣለው ሰው ወደ ቤቱ በደኅና ተመለሰ፤ የእርሱን ስንፍና ዕዳ ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው መንገደኛና ምንም የማያውቀው አውሬ ከፈሉት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ አስቀድሞ የሚጠነቀቅ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውንም ያድናል።