ያረጀ የመኪና ወንበርን በቤት ውስጥ ስለ ማደስ

መኪና ለነጋዴ ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ዕቃ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሚያመላልስ፣ ደንበኛውን የሚጐበኝ፣ በሰንበትም ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣ ሰው ከቀኑ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው በመኪናው ወንበር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ሲያንኳኳ ወይም ፍሬኑ ሲላላ ወዲያው ወደ ጋራዥ የሚሮጠው ባለመኪና፣ የወንበሩ ልብስ ተቀድዶ ሽቦው ብቅ ሲል ፎጣ አንጥፎበት ዓመት ሙሉ ይቀመጥበታል። ከዚህ የተነሣ ወገቡ ይታመማል፤ ልብሱ ይቀደዳል፤ መኪናውንም ለመሸጥ በወደደ ጊዜ ገዢው በሩን ከፍቶ አንድ ጊዜ እንደ ተመለከተ ዋጋውን ይቀንስበታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ከዚህ በታች እንደሚገለጸው፣ በአንዳንድ መኪና ውስጥ ያረጀ ወንበር የእሳት ምክንያት ሊሆን መቻሉ ነው።

ወንበር ማደስ ከሁሉ በፊት ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በቤቱ የስፌት መኪና ያለው፣ መለካትና መቁረጥም የሚያውቅ ሰው በጥቂት የዕረፍት ቀኖች ሊፈጽመው ይችላል። በዚህ ትምህርት ለምሳሌ የተመረጠው በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለው ጥንታዊው ቮልስዋገን ነው። ይህ መኪና 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ከተሠራ በኋላ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። የወንበሩም አሠራር ቀላል ስለ ሆነ ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው።

የወንበሩ አካል

የመኪና ወንበር በአራት ክፍል ይመደባል። 1ኛ የብረት ማዕቀፍ፤ 2ኛ ክብደት የሚሸከመው ስፕሪንግ፤ 3ኛ በስፕሪንጉና በልብሱ መካከል ያለው ሙሌት፤ 4ኛ ልብሱ ናቸው። በአሮጌው ቮልስ ሙሌቱ በጎማ የተያያዘ የፈረስ ጭራ ወይም የኮኮነት ቃጫ ነው። በኋለኞቹ መኪናዎች ግን የስፕሪንጉንም የሙሌቱንም ሥራ በብዛት የሚሠራው ስፖንጅ ሆኗል። ይህ ስፖንጅ የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን የተባለው ቁስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየር ባደረገው ምርምር ነው።

ባለመኪናው ልብስ ከመግዛቱ አስቀድሞ ከአራቱ ክፍሎች የትኛው እንደ ተጎዳ መመርመር ይገባዋል። ሲቀመጡበት የሚያቃጭል እንደ ሆነ ስፕሪንጉ ተሰብሯል ወይም ከመያዣው ወጥቷል። ከሥሩ ቡናማ ትቢያ የሚረግፍ እንደ ሆነ ሙሌቱ አልቋል። ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል እንደ ሆነ ማዕቀፉ ተሰንጥቋል ወይም ሐዲዱ ተበልቷል። በተሰበረ አካል ላይ አዲስ ልብስ ማልበስ ግን በሰበሰ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ያለ ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ዕቃ መረጣ

ለልብሱ የሚሆነው ጨርቅ፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ ወይም እውነተኛ ቆዳ ነው። ጨርቅ አየር ያስገባል፤ ነገር ግን ቆሻሻ ይይዛል። ሰው ሠራሽ ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ስለሚጸዳ ለሥራ መኪና ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ ሲመታው ይግላል። እውነተኛ ቆዳ ከሁሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለጃኬት የተለፋው ስስ ቆዳ ለወንበር አይበቃም። ለመኪና ወንበር የሚሠራው ቆዳ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር የማያንስ፣ ፀሐይና መፋተግም እንዲችል ሆኖ የተዘጋጀ መሆን ይገባዋል።

ስፖንጅ ሲገዙ መመልከት የሚያስፈልገው ውፍረቱን ብቻ አይደለም። ለሰው መቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ በአንድ ሜትር ኩብ ከ40 ኪሎግራም ያላነሰ ክብደት ቢኖረው ይመረጣል። ይህንንም ገዢው በሱቁ ሚዛን ሊያረጋግጠው ይችላል። ርዝመቱና ወርዱ 50 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቢያንስ 1 ኪሎግራም መመዘን አለበት። ግማሽ ኪሎግራም ብቻ የሚመዝን እንደ ሆነ ለጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ይተኛል።

እንዲሁም የልብሱና የስፖንጁ የመቀጣጠል ጠባይ መታየት አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ በመኪና ውስጥ የሚገባ ዕቃ በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ እየነደደ እንዳይሄድ ያዛል። ባለመኪናው እንደ ቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ባይሆንም አንድ ቀላል ፈተና ሊያደርግ ይችላል። ይኸውም ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሌለበት ባዶ መሬት ላይ፣ ውኃ በአጠገቡ አስቀምጦ፣ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቅዳጅ በፒንሳ አግድም ይዞ ጫፉን መለኮስ ነው። ቅዳጁ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እስከ ጫፉ ነድዶ ካለቀ ያ ዕቃ ለመኪና አይሆንም።

ለስፌት የሚመረጠው ጠንካራ የፖሊስተር ክር ነው፤ ከናይለን ይልቅ ፀሐይን ይችላልና። የጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል።

ወንበሩን ስለ ማውጣት

ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይፈታል። አስቀድሞ የሚፈታው ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው ኔጋቲቭ ነው። ምክንያቱም ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ድንገት የመኪናውን ብረት ቢነካበት ብርቱ ብልጭታ ይነሣል። ሲታሰር ግን በተቃራኒው ፖዘቲቩ ቀድሞ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል።

በቮልስ የኋላው መቀመጫ ያለ ብሎን የተቀመጠ ስለ ሆነ ከፍ አድርጎ ማውጣት ይቻላል። የፊተኛውም ወንበር ማቆሚያው ተለቅቆ በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ሲሳብ ይወጣል። በሌሎች ብዙ መኪናዎች ግን የፊት ወንበር በአራት ብሎኖች ከወለሉ ጋር ታስሯል። ብሎኖቹ ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ወጡ ተጽፎባቸው በየጣሳው ይቀመጡ። እያንዳንዱም ደረጃ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ቢነሣ በመመለሻው ጊዜ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሁሉንም ወንበር በአንድ ቀን መፍታት አይገባም። ከኋላው መቀመጫ መጀመር ይሻላል፤ ቅርጹ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ለመማር ይመቻል። መኪናውም ነጂውንና በፊት የሚቀመጠውን ሰው ይዞ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

ልብሱን ስለ መግፈፍና ንድፍ ስለ ማውጣት

በአሮጌው ቮልስ የልብሱ ጠርዝ የተያዘው በማዕቀፉ ሥር በተደረደሩ ሹል የብረት ጥርሶች ነው። ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ከተጠማዘዙ ስለሚሰበሩ በካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል። በኋለኞቹ መኪናዎች ልብሱ በሽቦ ቀለበቶች ተይዟል፤ እነዚህም በፒንሳ ተቆርጠው በአዲስ ይተካሉ።

የተገፈፈው ልብስ መጣል የለበትም፤ የሥራው ሁሉ መምሪያ እርሱ ነውና። ስፌቱ ከመፈታቱ አስቀድሞ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር፣ የፊትና የኋላ ምልክት፣ ግራና ቀኝም መሆኑ ይጻፍበት። ሁለት ቁራጮች በሚገናኙበት ስፌት ላይ በየ10 ሳንቲሜትሩ በሁለቱም ላይ የሚያልፍ መስመር ይሠመር። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ የተጠማዘዘውን ጠርዝ ከቀጥተኛው ጋር አጋጥሞ መስፋት አስቸጋሪ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ስፌቱ ተፈትቶ ቁራጮቹ በካርቶን ላይ ይገለበጣሉ። አሮጌው ልብስ በብዙ ዓመት አገልግሎት ስለሚለጠጥ፣ ካርቶኑ በወንበሩ ላይ ተለክቶ መታረም ይገባዋል። ለስፌት የሚተወው ጠርዝ 12 ሚሊሜትር ያህል ነው።

አካሉን ስለ ማደስ

ማዕቀፉ ከዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ከዚያም ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ስንጥቅ ካለ በብየዳ ባለሙያ ይበየዳል። የተሰበረ ስፕሪንግ በተመሳሳይ ይተካል፤ በቃጫ ገመድ ብቻ አስሮ ማለፍ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። በስፕሪንጉ ላይ ወፍራም ጆንያ ይዘረጋና በዙሪያው ይታሰራል፤ ይህ ካልተደረገ ሽቦው ስፖንጁን እየመገዘ ይቆርጠዋል።

ስፖንጁ በማስቲሽ የሚያያዝ እንደ ሆነ ማስቲሹ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ፣ በዕቃው ላይ እንደ ታዘዘው እስኪጠነፍፍ ተጠብቆ ይገጠማል። የማስቲሽ ትነት ራስ ያዞራል፤ በእሳትም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ይህ ሥራ በተዘጋ ክፍል ወይም ምድጃ ባለበት ቤት እንዳይሠራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስለ መቁረጥና መስፋት

«አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ» የሚባለው ብሂል በዚህ ሥራ እጅግ ይረዳል። ካርቶኖቹ በሙሉ በልብሱ ጀርባ ላይ ተደርድረው ከተበቃቁ በኋላ በጠመኔ ይሠመራል። ግራና ቀኝ የሚመሳሰሉ ቁራጮች ካርቶኑ እየተገለበጠ ይሠመሩ፤ አለዚያ ሁለት ግራ ወጥቶ ቀኙ ይጐድላል።

የቤት ስፌት መኪና ሁለት ድርብ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሊሰፋ ይችላል። ስፌት በስፌት ላይ በሚደራረብበት ቦታ ግን መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል። የስፌቱ ርዝመት ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሁን። ስፌት ቢደጋገም ይጠነክራል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በቆዳ ላይ የተቀራረበ የመርፌ ቀዳዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ስለሚሆን፣ ክብደት ሲያርፍበት በዚያው መስመር ይቀደዳል። ስፌት መኪናው የማይደፍረው ውፍረት ካለ በወስፌ ቀድቶ በሁለት መርፌ በእጅ መስፋት፣ ወይም ያንን ክፍል ብቻ ለወንበር ሰፊ መስጠት ይቻላል።

ስለ ማልበስ

ሰው ሠራሽ ቆዳ ከማልበስ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይለሰልሳል። ልብሱ በመጀመሪያ በፊትና በኋላ መካከል፣ ቀጥሎ በግራና በቀኝ መካከል ይያዛል። ከመካከል ወደ ማዕዘን እየተሳበ ይሄዳል፤ ማዕዘኖቹ መጨረሻ ይሆናሉ። ከአንድ ጥግ ጀምሮ ዙሪያውን የሚስብ ሰው የተጨማደደውን ሁሉ ሰብስቦ በመጨረሻው ጥግ ላይ ያገኘዋል።

ስለ ባትሪው ጥንቃቄ

በቮልስ ባትሪው የተቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው። ስፕሪንጉ ሲደክምና ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ሊነካ ይችላል። በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ያልፋል፤ ሽቦው ይግላል፤ የደረቀው የቃጫ ሙሌትም ይያያዛል። እሳቱ የሚነሣው ልጆች ከሚቀመጡበት ሥር መሆኑን ልብ ሊሉት ይገባል።

ፋብሪካው ለዚህ ሲል ለባትሪው መክደኛ ሠርቶለት ነበር፤ ሆኖም ባትሪ በተለወጠ ቁጥር መክደኛው እየተጣለ በብዙ መኪናዎች ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ አሲድ የማይበላው መክደኛ በባትሪው ላይ ሳይታሰር አዲሱ መቀመጫ መመለስ የለበትም። መክደኛውም ባትሪው የሚያወጣው ጋዝ የሚወጣበትን መንገድ የማይደፍን ይሁን። አዲሱ ባትሪ ከቀድሞው በቁመት የሚበልጥ እንዳይሆን መለካት፣ ባትሪውም በማሰሪያው መታሰሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በቤት መሠራት ስለማይገባው

በኋለኞቹ ዘመናት በተሠሩ መኪናዎች ውስጥ በወንበሩ መደገፊያ ጐን የአደጋ ጊዜ ኤርባግ ሊኖር ይችላል። ይህም በወንበሩ ጠርዝ ላይ «ኤርባግ» ወይም «ኤስ. አር. ኤስ.» ተብሎ በተሰፋ ምልክት ይታወቃል። የዚያ ወንበር ስፌት በአደጋ ጊዜ ተቀድዶ ኤርባጉን እንዲያስወጣ ሆኖ የተሰፋ ነው። በጠንካራ ክር ቢሰፋ ወይም በላዩ ሌላ ልብስ ቢጠለቅበት ኤርባጉ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ወንበር ለሚያውቀው ባለሙያ መሰጠት አለበት።

ወንበሩ ተመልሶ ሲገጠም ብሎኖቹ በሚገባ መጥበቃቸው፣ በሐዲዱ ላይ መቆለፉና የደህንነት ቀበቶው መያዣ ነጻ ሆኖ መታየቱ ይረጋገጥ። ባለመኪናው ከመንዳቱ በፊት ወንበሩን በሁለት እጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በብርቱ ነቅንቆ ይሞክረው።

ከፍ ብሎ እንደ ተነገረው የሠራ ሰው ከወንበሩ ምቾት ሌላ የመኪናውን ዋጋ ያስጠብቃል፤ ከሥሩ የተደበቀውንም ጉዳት በጊዜ ያገኛል። ሥራውን ራሱ ሊሠራ ያልፈቀደም ቢሆን የስፖንጁን ክብደት፣ የክሩን ዐይነትና የስፌቱን ርዝመት ዐውቆ ወደ ወንበር ሰፊ ይሄዳል። ሥራውን ሲረከብም መቀመጫውን አንሥቶ የባትሪው መክደኛ በቦታው መኖሩን አይቶ ሒሳቡን ይከፍላል።