ምዕራፍ 7፦ ባርኔጣው

ደቡብ አፍሪካዊው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ልጅ ሳሉ እናታቸው ጆሃንስበርግ አቅራቢያ በነበረ የዓይነ ስውራን ማዕከል ምግብ አብሳይ ነበሩ። አንድ ቀን ልጁ ከእናቱ ጋር በረንዳ ላይ ቆሞ ሳለ ቀሚስ የለበሱ ረጅም ነጭ ቄስ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለእናቱ እጅ ነሡ። ነጭ ሰው ለጥቁር፣ ያውም ለወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ባርኔጣ በማያነሣበት አገር ልጁ ዓይኑን ማመን አቃተው። ቄሱ ትሬቨር ሃድልስተን ነበሩ። ልጁን አልመከሩትም፤ ሰላም ብለው አለፉ። ቱቱ ግን በሶዌቶ ቪላካዚ መንገድ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለው ካረጁ በኋላም ያችን ቅጽበት ያነሡ ነበር።

የሦስት ዓመት ልጅ «ሰው አትናቅ» ቢባል ቃሉን ይደግመዋል እንጂ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ያየውን ግን ያደርጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ባደረገው ጥናት፣ አዋቂ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ያንኑ ምት፣ ቃሉን ሳይቀር፣ ደገሙት። ማንም «ምቱ» አላላቸውም።

በደቡብ አፍሪካ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ከፍታችሁ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ በብረት ፍርግርግ በኩል የምታዩት ዓለም ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ሶዌቶ ውስጥ የስደተኛ ሱቆች ሲዘረፉ የኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። ብረቱን ንቀሉ አልልም። ልጁም ይጠንቀቅ። ነገር ግን «ያ ሰውዬ ሰረቀን» እና «እነዚህ ሌቦች» ለልጅ ጆሮ አንድ አይደሉም። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ጎጎ (አያት) ሁለት ራንድ ቢጎድልባቸው፣ የዳቦ ሣጥን ላይ የተቀመጠችው ልጃችሁ ሳንቲሙን አትቆጥርም፤ የምታየው ፊታችሁን ነው። ባታበድሩም (በየቀኑ ማበደር ሱቅ ያዘጋል) ቀና ብላችሁ «ሳውቦና ጎጎ» ማለት አያቅታችሁም። ሰላምታው በዙሉ ቃል በቃል «አየንዎት» እንደ ማለት ነው።

ደክሟችሁ ልጁ ላይ ከጮኻችሁ ደግሞ፣ ትንሽ ቆይታችሁ በርከክ ብላችሁ «ተቆጣሁህ፣ ደነገጥህ አይደል? ይቅርታ» በሉት። ልጁን ይቅርታ የጠየቀ አባት ይናቃል የሚለው ያገራችን ፍርሃት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የቱቱ ቤትም ሰላም ብቻ የሰፈነበት አልነበረም። አባታቸው ሲጠጡ እናታቸውን ይመቱ እንደነበር ቱቱ ራሳቸው ተናግረዋል። እናታቸው ግን ሰው ሲከራከር ለሚሸነፈው ወገን ይቆሙ ነበር፤ ልጃቸውም የእናቱን መንገድ ያዘ።

ቱቱ በጉርምስናቸው በሳንባ ነቀርሳ ከአንድ ዓመት በላይ ሆስፒታል ሲተኙ እኚያው ባለ ባርኔጣ ቄስ እየተመላለሱ ጠየቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 የቱቱ የበኩር ልጅ ሲወለድ ስሙን ትሬቨር አሉት።