የአሠራር መግለጫ ድርሰት፦ ተነሺ ጣሪያ ያለውን ቤት በፒክአፕ መኪና ላይ መግጠም

መግቢያ

የአሠራር መግለጫ ድርሰት አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። በተራኪ ድርሰት አንድ ዐረፍተ ነገር ቦታውን ቢስት አንባቢው ግር ይለዋል። በአሠራር መግለጫ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ቦታውን ቢስት ዕቃ ይሰበራል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዐይነት ድርሰት ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሞ ለቅደም ተከተል መጠንቀቅ አለበት።

ለምሳሌነት የተመረጠው ሥራ በአሜሪካ በሰፊው የታወቀ ነው። በዚያች አገር ምዕራባዊ ክፍል ወደሚገኙት በረሃዎችና ተራሮች የሚጓዙ ብዙ ሰዎች በፒክአፕ መኪና ካሶኒ ላይ ትንሽ ቤት ገጥመው ይሄዳሉ። በጉዞ ጊዜ የቤቱ ጣሪያ ዝቅ ብሎ ይቆለፋል። መኪናው ሲቆም ጣሪያው ወደ ላይ ይነሣል፤ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውንም ክፍት ቦታ ሸራ ይሸፍነዋል። ጣሪያው በጉዞ ጊዜ ዝቅ ማለቱ መኪናውን የሚገፋውን ነፋስ ይቀንሳል፤ በዛፍ ቅርንጫፍ ሥር ለማለፍም ያመቻል።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

1. ሥራው በወረቀትና በእርሳስ ይጀመራል። መኪናው ከነጭነቱ እንዲመዝን ከተፈቀደለት ክብደት ላይ የባዶው መኪና ክብደት ይቀነሳል፤ ቀሪው መኪናው ሊሸከመው የሚችለው ነው። በአሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ይህ ቁጥር በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈ ጽሑፍ ይገኛል። ለምሳሌ የተፈቀደው ክብደት 2800 ኪሎ ግራም፣ የባዶው መኪና ክብደት ደግሞ 2100 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ቀሪው 700 ኪሎ ግራም ነው። ቤቱ 450፣ ሁለት ሰዎች 150፣ ስድሳ ሊትር ውሃ 60፣ ምግብና ጓዝ 60 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ድምሩ 720 ይሆናል። ቤቱ በካሶኒው ላይ በልክ ቢቀመጥም፣ ውሃውና ጓዙ ሲጨመሩ ጭነቱ ከተፈቀደው 20 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ስለዚህ ጓዙ ወይም ውሃው እስኪቀነስ ድረስ ጉዞ አይታሰብም።

2. ቀጥሎ የኋላው ስፖንዳ ይፈታል፤ ካሶኒውም ተጠርጎ ይታጠባል። ወለሉ ከመበሳቱ በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ የነዳጅ ታንክ፣ የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ የት የት እንደሚያልፉ ይመለከታል። ቦታው ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በአራቱ ማዕዘን አጠገብ ይበሳል። ብረቱ እንዳይዝግ የቀዳዳው ጠርዝ ቀለም ይቀባል። ከዚያም በየቀዳዳው ራሱ ቀለበት የሆነ ብሎን ይገባና፣ ከሥር ጠፍጣፋ ብረት ተደርጎለት በዳዶ ይጠብቃል። ጠፍጣፋው ብረት የሚያስፈልገው ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ አርፎ ስሱን ወለል እንዳይቀድደው ነው።

3. በካሶኒው ወለል ላይ የጎማ ምንጣፍ ይነጠፋል። ለስላሳ ብረት ላይ የተቀመጠ ቤት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጎማው ግን ይይዘዋል። ቤቱ በአራት ክሪክ ከፍ ብሎ ከቆመ በኋላ መኪናው በዝግታ ወደ ኋላ ተነድቶ ከሥሩ ይገባል። በዚህ ጊዜ አንድ ረዳት ከጎን ቆሞ ሾፌሩን ይመራል። በቤቱና በመኪናው መካከል ማንም ሰው መቆም የለበትም። ከዚያም አራቱ ክሪኮች በየተራ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ ቤቱን ያወርዱታል።

4. የቤቱ የክብደት ማዕከል ከኋላ ጎማዎች ዘንግ ወደ ፊት ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ቢያልፍ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ መሪውም መኪናውን በሚገባ አይታዘዝለትም። የኋላው ባሌስትራ ከመጠን በላይ ከተዘረጋ ጭነቱ እንደገና ይታይ።

5. አሁን ቤቱና ባለቀለበቶቹ ብሎኖች በአራት ማወጠሪያዎች ይያያዛሉ። ማወጠሪያ መሐሉ ሲዞር የሚያጥር፣ ሁለቱም ጫፎቹ ጥርስ ያላቸው ብረት ነው። አራቱ ማወጠሪያዎች በሰያፍ እየተፈራረቁ ቤቱ በእጅ ሲገፋ መነቃነቅ እስኪያቆም ድረስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ ቢጠብቁ የቤቱን ማዕዘን ይሰነጥቁታል። የኋላ መብራቶች ተገናኝተው ከተሞከሩ በኋላ ጣሪያው ይቆለፋል። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ይቆምና ማወጠሪያዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ፤ ምክንያቱም ቤቱ በመንገድ ላይ ሲናጥ ቦታውን ይይዛል፣ ማወጠሪያዎቹም ይላላሉ።

ለ. ማብራሪያ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

(1) የካሶኒውን ወለል ብሱ፤ ነገር ግን በቅድሚያ ከሥሩ የፍሬን ቱቦ አለመኖሩን አረጋግጡ።
(2) የካሶኒውን ወለል ከመብሳታችሁ በፊት ከሥሩ የፍሬን ቱቦ አለመኖሩን አረጋግጡ።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው። የያዙትም ሐሳብ አንድ ነው። ይሁን እንጂ መመሪያ የሚያነብ ሰው መሣሪያውን በእጁ ይዞ፣ አንድ ሐረግ እያነበበ አንድ ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው «ነገር ግን» ከሚለው ቃል ሲደርስ ወለሉን በስቶታል፤ ምናልባትም የፍሬኑን ቱቦ አብሮ በስቶታል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ምንጊዜም ከሥራው በፊት ይጻፍ።

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በመጨረሻ ስለሚመጣ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። «ማወጠሪያውን ማዕዘኑ እስኪጮኽ ድረስ አታጥብቁ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ክልከላው የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። ጥሩ ጸሐፊ አስቀድሞ የሚደረገውን፣ ቀጥሎ የማይደረገውን ይናገራል።

ቦዝ አንቀጽም ልክ አለው። «ቤቱን አውርዶ፣ ማወጠሪያዎቹን አጥብቆ፣ መብራቱን አገናኝቶ፣ ጣሪያውን ቆልፎ ይነዳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ተራውን ያሳያል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደሚበቃ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን «እስኪ...ድረስ» ነው። «በደንብ ይጥበቅ» ከማለት «መነቃነቅ እስኪያቆም ድረስ ይጥበቅ» ማለት ይሻላል፤ «በደንብ» ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም፣ የቤቱን መነቃነቅ ግን ማንም በእጁ ገፍቶ ያውቀዋል።

ሐ. የሙያ ቃላት

ካሶኒ፣ ስፖንዳ፣ ባሌስትራ፣ ብሎንና ዳዶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። በጋራዥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እንዲህ ያለውን ቃል ትቶ አዲስ ቃል መፍጠር ሠራተኛውን ያደናግራል። አንባቢው የማያውቀው ዕቃ ሲያጋጥም ግን፣ በምንባቡ ለማወጠሪያ እንደተደረገው፣ ቅርጹንና ሥራውን በአጭሩ መግለጽ ይገባል።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ከ...በፊት»፣ «ከ...በኋላ» እና «እስኪ...ድረስ» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።

2. በአንቀጽ 1 በተሰጠው ምሳሌ ተጓዦቹ ሦስት ሰዎች ቢሆኑና ሦስተኛው ሰው 70 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ጭነቱ ከተፈቀደው በስንት ኪሎ ግራም ይበልጣል? ከጭነቱ ምን ቢቀነስ ይሻላል? ምክንያታችሁን በሦስት ዐረፍተ ነገር ግለጹ።

3. የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያው እንዲቀድም አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ፦ «መኪናውን አስነሥታችሁ ንዱ፤ ጣሪያው መቆለፉን ግን አስቀድማችሁ እዩ።»

4. ሁለት ዶንያ እህል በአህያ ላይ እንዴት እንደሚጫን የሚገልጽ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ ምን እንደሚደረግ፣ መጫኛው እስከ ምን ድረስ እንደሚጠብቅና ከጥቂት ጉዞ በኋላ ለምን እንደገና እንደሚፈተሽ ሳትገልጹ አትለፉ። ድርሰታችሁን ስትጨርሱ አህያ ጭኖ ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት። ጓደኛችሁ «ከዚያስ?» ወይም «እስከ ምን ድረስ?» ብሎ የጠየቃችሁ ቦታ ሁሉ እንደገና መጻፍ ያለበት ነው።