የአገልግሎት ቅድምና፦ ከሥራ የተሰናበተ አብራሪ ምን ይዞ ምን ይለቃል?

የሠራተኛ ሀብት በእጁ ያለው ሙያና በየወሩ የሚቀበለው ደመወዝ ብቻ አይደለም። በአንድ ቤት በቆየበት ዘመን ያገኘው ተራም ሀብቱ ነው። ይህ ሀብት ግን ከሌላው የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ይዞት ሊሄድ አይችልም። የዩናይትድ ስቴትስ አየር መንገዶች አብራሪዎች ኑሮ ይህን ጉዳይ ከብዙ ሙያዎች ይልቅ ገልጦ ያሳያልና፣ በዚህ ትምህርት እርሱን እንመለከታለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ተራው የሚሰጠው መብት

በታላላቆቹ አየር መንገዶች አብራሪዎች ሁሉ በተቀጠሩበት ቀን መሠረት በአንድ መዝገብ ይሰለፋሉ። በየትኛው አውሮፕላን እንደሚሠሩ፣ ምድባቸው በየትኛው ከተማ እንደሚሆን፣ የዓመት ዕረፍታቸውን መቼ እንደሚወስዱ፣ ከረዳት አብራሪነት ወደ ካፒቴንነት መቼ እንደሚያድጉ በዋነኛነት የሚወስነው ይኸው ተራ ነው። የሥራ ቅነሳ ሲመጣ በመጨረሻ የተቀጠረው በመጀመሪያ ይወጣል፤ ሥራው ሲመለስ ደግሞ በተራው ይጠራል። እንዲህ በጊዜያዊ ስንብት የወጣ አብራሪ ደመወዙን ቢያጣም ቁጥሩን አያጣም፤ የመጠራት መብቱ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ይጠበቅለታል። ወደ ሌላ ታላቅ አየር መንገድ ቢገባ ግን የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ካፒቴን እንኳ ከመዝገቡ ግርጌ እንደ ጀማሪ ይሰለፋል።

2. የአዲሱ ድርጅት ጥሪ

አዲስ የተቋቋመ አየር መንገድ የተሰናበተውን አብራሪ ሲቀጥር፣ አንዳንድ ጊዜ የቀድሞ ቁጥሩን በጽሑፍ እንዲለቅ ይጠይቀዋል። ለዚህ ምክንያት አለው። አብራሪን በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ማሠልጠን ሳምንታትን ይፈጃል፤ ብዙ ገንዘብም ይጠይቃል። ሠልጥኖ ሲያበቃ የቀድሞ ቤቱ ጠርቶት ቢሄድ ኪሣራው የአዲሱ ድርጅት ነው። ሆኖም ቁጥሩ በተለቀቀ ጊዜ ሥጋቱ ከድርጅቱ ወደ ሠራተኛው ትከሻ ይዛወራል፤ ድርጅቱ ቢፈርስ የሚመለስበት በር አይኖረውምና።

ለአብራሪው የሚታየው ተስፋም ከንቱ አይደለም። በአዲስ ድርጅት ሁሉም በአንድነት ይጀምራሉ፤ ቀድሞ የገባ ሰው ድርጅቱ በሚያድግበት ጊዜ ከኋላው ብዙዎች ስለሚሰለፉ ፈጥኖ ካፒቴን ሊሆን ይችላል። በቀድሞው ቤት ግን ተራው ወደፊት የሚሄደው ከፊቱ ያሉት በጡረታ ሲወጡ ወይም ድርጅቱ ሲያድግ ነው።

3. ያለፉት ዓመታት ምን ያስተምራሉ?

ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎች ተሰናበቱ። ዩናይትድ በ2002፣ ዴልታና ኖርዝዌስት በ2005 የኪሣራ ከለላ ጠየቁ፤ ከተሰናበቱት አንዳንዶቹ ከአምስት ዓመት በላይ ጠበቁ። በታኅሣሥ 2007 ደግሞ የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ በሕግ ከ60 ወደ 65 ከፍ በማለቱ፣ ከፊት ያሉት በሥራ ላይ ቆዩ፤ የኋለኞቹም ተራ ባለበት ቆመ።

ነገር ግን አዲስ ቤት ሁሉ አይጸናም። ጄትብሉ በ2000 በረራ ጀምሮ አደገ፤ በኦሃዮ ኮሎምበስ በግንቦት 2007 በረራ የጀመረው ስካይባስ ግን በሚያዝያ 2008 ተዘጋ። በጥቅምት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት አሜሪካን ኤርላይንስና ዩናይትድ ከ32,000 በላይ ሠራተኞችን ቢያሰናብቱም፣ በታኅሣሥ የወጣው የመንግሥት ድጋፍ ወደ ሥራ መለሳቸው። አንዱ ጥበቃ ዓመታትን፣ ሌላው ወራትን ብቻ ወሰደ፤ ጥበቃው በተጀመረበት ቀን ግን ልዩነቱን አስቀድሞ ያወቀ አልነበረም።

በቤቱ የቆየም ቢሆን ሁልጊዜ አይተርፍም። በ2001 አሜሪካን ኤርላይንስ ቲ.ደብሊው.ኤን ሲጠቀልል፣ ከቲ.ደብሊው.ኤ አብራሪዎች ብዙዎቹ ከመዝገቡ ግርጌ ተቀመጡ። በ2007 የወጣው ሕግ አየር መንገዶች ሲዋሐዱ መዝገቦቹ በፍትሕ እንዲጣመሩ ያዝዛል፤ በፈቃዱ ቁጥሩን ለለቀቀ ግን መጠጊያ አይሆነውም።

4. እንዴት ይመዘን?

አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ፤ እንደዚሁም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። የመጀመሪያው ቁጥሩን የለቀቀውን፣ ሁለተኛው የጠበቀውን የሚወቅስ ይመስላል። ሁለቱም ግን ውሳኔውን በፍጻሜው ብቻ ለመፍረድ አይበቁም። ልጆቹ በቤት ውስጥ ያሉበት የ35 ዓመት አብራሪና ጡረታው የቀረበ የ58 ዓመት አብራሪ አንዱን ቁጥር በአንድ ሚዛን አይመዝኑትም። ስለዚህ የሚወስን ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመርምር፤ በቀድሞው መዝገብ ከፊቱ ያሉት በስንት ዓመት ይወጣሉ? የአዲሱ ድርጅት ገንዘብ ክፉውን ዘመን ያሻግረዋልን? ሁለቱም ቢወድቁ ቤተሰቡ በምን ይኖራል? እነዚህን መርምሮ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ የወሰነ ሰው፣ ነገሩ ባይሳካለት እንኳ ሞኝ ሊባል አይገባውም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጠራ የሚለው ሥርዓት ማንን ይጠብቃል? ማንንስ ይጎዳል?

ለ) አሠሪ የሥልጠናውን ወጪ ለማዳን ሠራተኛው የመመለሻ መብቱን እንዲለቅ መጠየቁ ተገቢ ነውን? ወጪውንና ሥጋቱን ለሁለቱ የሚያካፍል ሌላ ውል ሊኖር ይችላልን?